ባለ ሦስት እግሩ ወፍ ተመልካች

ሱሉልታን፣ ቡራዩንና ሰበታን ዞሬ መጣሁ ስላቸው የሰፈሬ ሰዎች ይስቁብኛል። አልፈርድባቸውም። ከፒያሳ ተነስቶ ሱሉልታ ለመግባት የሚያስፈልገው ታክሲና ትንሽ ትዕግሥት ነው። እኔ ግን ስዘጋጅ የሰነበትኩት ባሕር እንደሚሻገር ሰው ነበር፤ የወባ ኪኒን ሳይቀር ይዣለሁ። ሱሉልታ ወባ እንደሌለ፣ እንዲያውም ብርዱ ትንኟን ቀድሞ እንደሚጨርሳት የነገረኝ ሰው አልነበረም። አልጠየቅሁም።

ጊዜው ጥሩ አልነበረም። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የገበሬ መሬት ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ቀርቷል ተብሎ ከተነገረ ወራት አልፈዋል፤ ቀርቷል ብሎ ያመነ ገበሬ ግን አላጋጠመኝም። መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ድንጋይ ይደረደርበታል። ባለቤቴ ብዙነሽ ሻንጣዬን ስታይ «ሰው ከዚያ ወደዚህ ይሸሻል፣ አንተ ወፍ ብለህ ወደዚያ ትሄዳለህ» አለችኝ። ወፎቹ በሰው ምክንያት ቀጠሮ እንደማያዛውሩ አስረዳኋት። መስከረም ሲጠባ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው ይመጣሉ፤ እኔ ደግሞ በተለይ አንዷን ማየት አለብኝ። ሆዷ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ነው፤ ጅራቷን ሽቅብ ቁልቁል እያወዛወዘች ከብት እግር ሥር የምትሮጥ ትንሽ ወፍ ናት። ብዙነሽ «እና ከእኔ እሷ በለጠች?» አለች። መልስ አልሰጠሁም፤ ትዳራችን የቆየው እንዲህ ነው።

የወፍ ነገር የጀመረኝ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። መነጽር ቤት ነው የምሠራው፤ አንድ ቀን አንድ ደንበኛ አሮጌ የሩቅ ማያ መነጽር ሸጠልኝና በዚያው ተለከፍኩ። ችግሩ እጄ ይንቀጠቀጣል። በእጄ ይዤ ሳይ ወፉ ሁሉ እስክስታ ይመታል። ስለዚህ የሰፈሬ አናጺ ባለ ሦስት እግር የእንጨት ማቆሚያ ሠራልኝ፤ መነጽሩ አናቱ ላይ በትልቅ ብሎን ይታሰራል። ሳር ውስጥ እንዳይጠፋብኝ ብዬ እግሮቹን ከበር ቀለም በተረፈ ቀይና ከግድግዳ በተረፈ ነጭ እያፈራረቅሁ በቀለበት በቀለበት ቀባኋቸው። በሕይወቴ የቀባሁት ነገር እሱ ብቻ ነው፤ አምሮልኝም ነበር። ብዙነሽ ደግሞ መኪና እንዳይገጨኝ ብላ የሚያብረቀርቅ ብርቱካናማ ሰደርያ አመጣችልኝ። ቦት ጫማ አደረግሁ፣ ባርኔጣ ደፋሁ። መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን ሳይ ትልቅ ባለሙያ መሰልኩ። ምን ዓይነት ባለሙያ እንደመሰልኩ አንባቢ ከወዲሁ ገብቶት ይሆናል፤ እኔ የገባኝ በሁለተኛው ቀን ማታ ነው።

የመጀመሪያው ቀን፣ ሱሉልታ

አዲሱ ገበያ ታክሲ ስሳፈር ረዳቱ ማቆሚያዬን ከላይ እስከ ታች አየና «ጋሼ፣ ይሄ የመንግሥት ነው?» አለኝ።

«የግሌ ነው» አልኩት በኩራት።

ከኋላ ሲጫወቱ የነበሩት ተሳፋሪዎች ዝም አሉ። እንጦጦን ወጥተን ሱሉልታ ሜዳ እስክንወርድ ማንም አላናገረኝም። የባላገር ጨዋነት ነው ብዬ ወሰድኩት። በእኛ በፒያሳ መስመር ታክሲ ውስጥ የማታውቁት ሰው ስለ ልጁ ሠርግ ነግሯችሁ ነው የሚወርደው።

አስተናጋጄ ኦቦ ደበሌ ናቸው። ለዓመታት በማለዳ ወተት ወደ ሰፈራችን የሚያመጡ የሱሉልታ ገበሬ ናቸው፤ እኔም አንድ ጠዋት በር ላይ ስለ ወፍ ሳወራላቸው «ወፍ ካማረህ እኛ ዘንድ ና፣ ከላሞቼ ይበዛሉ» ብለውኝ ነበር። እንዲህ ያለ ግብዣ ከተማ ውስጥ ለአፍ ያህል ይባላል። እሳቸው ግን የአስፋልቱ ዳር ቆመው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው።

«አካም ጂርታ? ኮቱ፣ ና ግባ!» ብለው ሻንጣዬን ነጠቁኝ። ማቆሚያውን ሲያዩ ትንሽ ቆም አሉ። «ይሄስ?»

«ለመነጽሩ ነው፣ ኦቦ ደበሌ። እጄ ይንቀጠቀጥብኛል።»

«እሺ» አሉ፤ ሌላ አልጠየቁኝም። እንግዳ ይዞት በመጣው ዕቃ አይመረመርም።

ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ገና ሳልቀመጥ ጭኮ በትልቅ ሳህን አቀረቡልኝ። በእኛ ሰፈር እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ «በልተሃል?» ይባላል፤ እንግዳውም ጨዋ ከሆነ «አዎ» ይልና ሁለቱም ይገላገላሉ። እዚህ ጥያቄው ራሱ የለም። በገብስና በቅቤ ሆዴን ሞልቼ፣ ላዩ ላይ እርጎ ደርቤ ወደ መስኩ ስወጣ የምራመደው እንደ እርጉዝ ላም ነበር።

መስኩ ከቤቱ በስተጀርባ ይጀምርና እስከ ጅረቱ ይወርዳል። ክረምቱ ገና ከመውጣቱ ስለሆነ መሬቱ ውሃ ቋጥሯል፤ ይህን ያወቅሁት ቦት ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ እግሬ ብቻውን ሲወጣ ነው። ጋጋኖዎች ይህን አይተው እየተንጫጩ ተነሱ። የዚያ ወፍ ጩኸት ሳቅ ይመስላል የሚሉት ውሸት አይደለም። አንዷ ላም እንኳ ማመንዠኳን አቁማ አየችኝ።

ግን እዚያችው ላም እግር ሥር ቢጫዋን ወፍ አየኋት። ብቻዋን አይደለችም፤ ላሞቹ በተራመዱ ቁጥር ከሳሩ የሚነሳውን ዝንብ ለመልቀም ብዙ ሆነው ይሯሯጣሉ። ከዚያ ሁሉ ባሕርና በረሃ በኋላ የኦቦ ደበሌ ላም እግር ሥር! ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ የመነጽሩ ጥፋት ነው እንዳልል መነጽሩን ገና አላነሳሁም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። ማቆሚያውን አንዴ መስኩ መሃል እተክለዋለሁ፣ አንዴ ጥግ ላይ፣ አንዴ ጅረቱ ዳር። ጎንበስ ብዬ በመነጽሩ አያለሁ፣ ቀና ብዬ በእጄ ወደ ሩቅ እጠቁማለሁ። ለጓደኞቼ «ይህን ያህል ቀርባኝ ነበር» ለማለት ስል ከማቆሚያው እስከ ላሟ በእርምጃ ጭምር ለካሁ። ብርቱካናማው ሰደርያ ከአስፋልቱ ድረስ ይታያል። አጥሩ ማዶ አንድ ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሰው ቆመው ሲያዩኝ ስለነበር ባርኔጣዬን አንስቼ ሰላም አልኳቸው። ዞረው ሄዱ።

ማታ ስለ ባለ ካፖርቱ ሰው ስጠይቅ «ኦቦ ገመቹ ናቸው፣ ጎረቤቴ» አሉኝ ኦቦ ደበሌ። «ደግ ሰው ነው። ለመስቀል ዋዜማ እዚህ ብትሆን ታየው ነበር፤ ደመራው የሚተከለው እኔ መስክ ላይ ነው፣ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ። ከየቤቱ አንድ አንድ እንጨት ይመጣና አንዱ ባንዱ ላይ ይደገፋል። እንጨቱ የቀረ ቤት፣ የተቀየመ ቤት ነው።»

የራሳቸውን አልጋ ለቀውልኝ እሳቸው መደብ ላይ ተኙ። እምቢ ብል ሰሚ አላገኘሁም።

ሁለተኛው ቀን፣ ቡራዩ

ሲነጋ «ቡራዩ ልጄ ሌንሳ አለች፤ እሷ ዘንድ ታድራለህ። ሆቴል እንዳትገባ፣ ታሳፍረኛለህ» ብለው ሸኙኝ። ከሱሉልታ ቡራዩ ለመሄድ ከተማውን አቋርጦ ማለፍ ግድ ነው፤ በራሴ ሰፈር በኩል እንደ መንገደኛ አለፍኩ። የራሳችሁን መንደር ሻንጣ ይዛችሁ በታክሲ መስኮት ስታዩት ትንሽ ቆሻሻ ነው።

ገፈርሳ ግድብ ዳር ስደርስ ውሃው ሞልቶ፣ ዳክዬዎቹ መሃሉ ላይ ተበትነው ነበር። አንድ ሽመላ ብቻውን ዳሩ ላይ በአንድ እግሩ ቆሟል። እኔ በሁለት እግሬ እንኳ ጭቃ ላይ መቆም አቅቶኝ እሱን ሳይ ቅናት ያዘኝ። ማቆሚያዬን ተክዬ ገና ጎንበስ ስል ጥበቃው መጣ።

«ለየትኛው ቢሮ ነው የምትሠራው?» አለኝ በትሕትና።

«ለማንም። ሽመላ እያየሁ ነው።»

ጥበቃው ሽመላውን አየ፣ እኔን አየ፣ ቀዩንና ነጩን እግር አየ። «የሱ እግርም ቀይ ነው» አለና ሳቀ፤ ወዲያው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድሜ፣ ለራስህ ብለህ ይህን ይዘህ ሰው መሃል አትግባ» አለኝ። ሌባ በዝቷል ማለቱ መሰለኝ፤ አመሰግናለሁ ብዬ ማቆሚያውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

ሌንሳ ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ከቤቷ ጋር የተያያዘ ነው፤ መቀሷን እንደያዘች በር ላይ ተቀበለችኝ። አስተያየቷ እንደ አባቷ ቀጥ ያለ ነው። መጀመሪያ ያየችው ግን ፊቴን አልነበረም።

«ጋሼ ታደለ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የመነጽሩ ማቆሚያ።»

«ማን ነው እንዲህ የቀባው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ ምስጋና እየጠበቅሁ።

«ትናንት አባዬ መስክ ላይ ይህን ተክለው ነው የዋሉት? ከነሰደርያዎ?»

«አዎ፣ ምነው?»

መቀሷን አስቀመጠች። «ማሎ! እናቴ ቀትር ላይ ደውላ ስታለቅስ የማን ነገር እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ጋሼ፣ መሬት የሚለኩት ቀያሾች የሚተክሉት ዱላ እንዲህ ቀይና ነጭ ነው፤ እርስዎ እኮ ቀያሽ ነው የመሰሉት።»

ቁጭ አልኩ። እናቷ በስልክ ያሏትን ቆማ አንድ በአንድ ነገረችኝ። ኦቦ ደበሌ ቀያሽ ቤታቸው አሳድረው መሬቱን አስለኩ ተብሏል። የራሳቸውን ብቻ ሳይሆን እስከ ጅረቱ፣ እስከ ጎረቤት አጥር ድረስ፤ ሰውዬው ሲጠቁም ሁሉም አይቷል። ኦቦ ገመቹ ጎረቤቱን ሰብስበው ዘንድሮ ደመራው ኦቦ ደበሌ መስክ ላይ አይተከልም፣ የእሳቸው እንጨትም አይደገፍም ብለዋል።

«የዓመት ደመራ ብቻ አይደለም» አለች ሌንሳ። «ደመራ የተከለከለ ሰው በማግስቱ ደቦ ይከለከላል። ሲታመም ጠያቂ የለውም። ይሄ ጊዜ ደግሞ… ጊዜውን ያውቁታል፤ ቀያሽ ያስገባ የተባለ ሰው ቤቱ ደህና ላያድር ይችላል። አባዬ ሰባ ዓመት ሙሉ በአንድ ስም ነው የኖረው።»

ኦቦ ደበሌ ጋ ደወልን፤ ስልካቸው ተዘግቷል። አፈርኩ። ማፈር ትንሽ ቃል ናት። በማግስቱ በጠዋት ሱሉልታ ሄጄ አፌን ሞልቼ እንደምናገር ለሌንሳ ማልኩላት። ራት ሽሮ አቀረበችልኝ፤ በእኔ የተነሳ አባቷ እንዲህ ሆነው እንኳ ሁለት ጊዜ ጨመረችልኝ።

ሦስተኛው ቀን፣ ሰበታ

ሰበታ የተገኘሁት ሱሉልታ ልሄድ ስል ነው። ይህን ያህል የተሳሳተ አቅጣጫ ይዞ ለመሄድ ተሰጥኦ ያስፈልጋል።

ጠዋት ከቡራዩ ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ጎማም ይጤሳል። ታክሲ የለም። ከሌንሳ ጎረቤቶች አንዱ ጥቅል ጎመን የጫነ አይሱዙ ነበረው፤ «በመናገሻ ዞሬ ሰበታ እወርዳለሁ። ከሰበታ ወደ አዲስ አበባ መንገዱ ክፍት ነው» አለ። ጎመኑ ላይ ወጣሁ። ሰደርያዬን አወለቅሁ፣ ማቆሚያውን ጎመን ውስጥ ቀበርኩት፤ ግን አንዱ እግር ወጣ ብሎ ይታይ ነበር።

መናገሻ ጫካ ጥግ ንብ የሚያሳድዱ ባለ ብዙ ቀለም ወፎች በላያችን አለፉ፤ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ቢጫ፣ እያፏጩ። በሌላ ቀን ቢሆን መኪናውን አስቁሜ ሾፌሩን አሰለቸው ነበር። ያን ቀን ቀና ብዬ አየኋቸውና «እናንተ ደግሞ የት ትሄዳላችሁ» አልኩ። ጎመን ላይ ተቀምጦ ወፍ የሚወቅስ ሰው አገር ምድሩን ያሳፍራል።

ሰበታ ስንገባ ክፍት ነው የተባለው መንገድ ተዘግቷል። ገበያው መሃል ሰው መሮጥ ጀመረ፤ የሱቆች በር ከዳር እስከ ዳር ግው ግው እያለ ወረደ። ሾፌሩ «ውረድ!» ሲለኝ ማቆሚያዬን አቅፌ ዘለልኩ፤ ጎመንም አብሮኝ ወረደ። እንደ ግራ የገባው በግ መሃል መንገድ ላይ ቆሜ ሳለሁ አንድ እጅ ክንዴን ያዘና በጎን በር ወደ ሱቅ ውስጥ ሳበኝ።

«ቀይና ነጭ ዱላ ተሸክመህ የት ልትሞት ነው?» አሉ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ሽማግሌ። ሐጂ ሸምሱ ይባላሉ፤ የስልጤ ሰው ናቸው፣ ሱቁ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰበታ ሰው የሸጡበት ነው። አላውቃቸውም፣ አያውቁኝም። በሩን ከውስጥ ቆልፈው ውሃ ሰጡኝ።

ውጭው እስኪረጋጋ ሁሉን ነገርኳቸው፤ ስለ ወፏ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ኦቦ ደበሌ። ሐጂ ሲስቁ ሆዳቸው ከሳሙና ካርቶኑ ጋር ይጋጫል። «ወፍ ለማየት! እኔ እንኳ ሰላይ ብትለኝ ቶሎ አምንህ ነበር።» ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አደረጉና «አየህ ልጄ፣ አንተ ወፉን ታያለህ፣ ሰው ደግሞ አንተን ያያል። ይህን ጊዜ ሁሉ እሱን ዘንግተሃል» አሉኝ። ሐምሳ ዓመት ካለፈኝ ወዲህ ልጄ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ደስ አለኝ።

የቤታቸው ሰዎች በጓሮ በር ሩዝና ድንች ወጥ አመጡልን። ቀኑ መሽቶ መንገዱ ስላልተከፈተ በስኳር ጆንያዎች መሃል ፍራሽ ዘረጉልኝ። በቤቴ ትራሴ ትንሽ ከፍ ካለ አንገቴን ያመኛል፤ እዚያ ስኳር ተንተርሼ እንደ ሕፃን ተኛሁ። ከመተኛቴ በፊት በበሩ ስንጥቅ ያየሁት የመጨረሻ ነገር ሽቦ ላይ የተደረደሩ ጭራ ረጃጅም ወፎች ነበሩ፤ ለመንገድ የተዘጋጁ ይመስላሉ። የእነሱ መንገድ አልተዘጋም።

አራተኛው ቀን፣ እንደገና ሱሉልታ

የመስቀል ዋዜማ ነው። በጠዋት መንገዱ ተከፈተ። ሐጂ ማቆሚያዬን በባዶ የስኳር ጆንያ ጠቅልለው በሲባጎ አሰሩልኝ፤ «አሁን ምንጣፍ ነው» አሉ። አንድ ፌስታል ቴምር ጨመሩና «ይህን ለሽማግሌው ሚስት ስጥልኝ። የሰበታ ሐጂ ስለዚህ ሰው ይመሰክራል በል፤ ሞኝ እንጂ ክፉ አይደለም በል» ብለው ሸኙኝ። እስከዛሬ ከተሰጡኝ ምስክርነቶች የምኮራበት እሱ ነው።

ከአዲሱ ገበያ ለብዙነሽ ስደውል «ቤት ልትገባ ነው?» አለች። ያለውን ነገርኳት። «ቀለሙን አትቀባው ብዬህ አልነበር?» አለች። አላለችኝም ነበር፤ ግን ትዳራችን የቆየበትን ምክንያት ቀደም ብዬ ጽፌያለሁ።

እንጦጦን ስንወጣ በመስኮቱ የመስቀል ወፍ አየሁ። ብዙዎቻችን ለመስቀል ከሩቅ ትመጣለች እንላለን፤ ብቅ ጥልቅ የሚለውንም ሰው በሷ እንጠራዋለን። ግን ከየትም አትመጣም። ዓመቱን ሙሉ እዚያው ሳር ውስጥ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ለብሳ ትኖራለች፤ ክረምት ሊወጣ ሲል ልብሷን ትቀይራለች። የምናያት ስታጌጥ ብቻ ነው። ይህን ከመጽሐፍ ካነበብኩት ቆይቷል፤ ያን ቀን ግን ኦቦ ደበሌን አስታወሰኝ። ኦቦ ደበሌ ለስንት ዓመት በማለዳ ደጃፌ ላይ ቆመዋል፤ እኔ የማውቀው የወተቱን ጄሪካን ነበር። ሚስታቸው ማን እንደሚባሉ እንኳ ያወቅሁት ጭኮአቸውን ከበላሁ በኋላ ነው።

መስኩ ባዶ ነበር። ኦቦ ደበሌ በራቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው አንድ የተላጠ ረጅም እንጨት ግድግዳውን ተደግፏል። ለደመራው ያዘጋጁት ነው፤ የሚያደርሱበት የለም።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። «ተው፣ አንተ ምን አጠፋህ? ወፍ ሊያይ ነው የመጣው አልኳቸው። እንኳን ሊያምኑኝ ሳቁብኝ። ‹ደበሌ፣ ሰባ ዓመት ዋሽተህ አታውቅም፣ ስትጀምር ግን አበዛኸው› አሉኝ።»

«ኦቦ፣ ይነሡ። አብረን እንሂድ።»

«እኔ አልለምንም።»

«እርስዎ አይለምኑም። እኔ ነኝ የምለምነው።»

ኦቦ ገመቹ ግቢ ውስጥ እንጨቱ ተከምሮ፣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ነበር። ስንገባ ወሬው ተቋረጠ። ኦቦ ገመቹ ያንኑ ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል፤ ጆንያውን አዩ። «ፍታው» አሉኝ። ፈታሁት። ቀዩና ነጩ ሲወጣ ከኋላ ጉርምርምታ ተሰማ።

«እኔ መነጽር ቤት ነው የምሠራው፤ ቀያሽ አይደለሁም» አልኩ። «ኦቦ ደበሌ እንግዳ ነው ያሳደሩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ወንድሜ ከዚህ ማዶ መሬት ነበረው» አሉ ኦቦ ገመቹ፣ ሳይቆጡ። ባይቆጡ ነው የከበደኝ። «መጀመሪያ የመጣው እንደዚህ ያለ ዱላ ነው። ሰውዬው ጨዋ ነበር፤ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላምታ ሰጠው። ከዚያ ችካል መጣ። ከዚያ አጥር። ዛሬ ወንድሜ እዚያው መሬቱ ላይ የሰው ቤት ዘበኛ ነው። ማታ ማታ የተወለደበትን ቦታ ለሌላ ሰው ይጠብቃል። አንተም ባርኔጣህን አነሳህልኝ።»

ይቅርታ የሚባለው ቃል ለዚህ አይበቃም፤ ሌላ ግን አልነበረኝም፣ እሱኑ አልኩ። ከዚያ ማቆሚያውን እዚያው ግቢ ውስጥ ዘርግቼ፣ መነጽሩን አስሬ፣ አጥሩ ማዶ ወዳሉት ላሞች አዞርኩትና «እባክዎ፣ ይዩልኝ» አልኳቸው።

ኦቦ ገመቹ ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ። ሰው ሁሉ ጀርባቸውን ያያል።

«ቢጫዋ ሲምቢሮ ናት? ይቺ ወፍ?» አሉ።

«አዎ።»

«ከየት ነው የመጣች?»

«ከአውሮፓ።»

«ምን ፈልጋ?»

«እዚያ ይበርዳል። እዚህ ላሞቻችሁ ሥር ዝንብ አለ።»

«መሬት አትፈልግም?»

«አትፈልግም።»

«ስንት ጊዜ ትቆያለች?»

«በጋውን። መጋቢት፣ ሚያዝያ ላይ ትመለሳለች።»

ቀና አሉ። «እንግዲያው እሷ እንግዳ ናት» አሉ፤ ቀጥለውም «አንተስ መቼ ነው የምትመለስ?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ሁሉም ልየው ልየው አለ፤ ሴቶቹ ወፏን አይተው «ቢጫ ነጠላ የለበሰች!» አሉ፤ አንዱ ሰው ወፏን ትቶ የማዶ ጎረቤቱን በሬ ከእሱ እህል ውስጥ አገኘና ሌላ ጠብ ሊጀመር ነበር። ኦቦ ገመቹ ግን አልሳቁም። ወደ ኦቦ ደበሌ ሄደው ፊት ለፊት ቆሙ።

«ስለ ወፏ አምኛለሁ» አሉ። «ይሄ ዱላ ግን ዓይኔ ሥር ቆሞ ሆዴ እሺ አይለኝም።»

ያን ጊዜ ሐጂ «ሰው ደግሞ አንተን ያያል» ያሉት ትዝ አለኝ። ብሎኑን በጥርሴም በእጄም ብዬ ለመፍታት ሞከርኩ፤ ቅድም ከልክ በላይ አጥብቄው ስለነበር እምቢ አለ። መነጽሩን ከብሎኑ መንጭቄ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ፣ ብሎኑ እንጨቱ ላይ ቀረ፤ ሦስቱን እግሮች ሰብስቤ ለኦቦ ገመቹ ዘረጋሁላቸው።

«ከየቤቱ አንድ እንጨት ነው ይባላል» አልኩ። «እኔ እዚህ ቤት የለኝም። ኦቦ ደበሌ ቤት ያደርኩ እንግዳ ነኝ። ከፈቀዳችሁ ይህ ከሳቸው ጋር ይደገፍ።»

አናጺው ይህን ቢሰማ ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ኦቦ ገመቹ እግሮቹን በእጃቸው መዘኑ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በኦሮምኛ ለጎረቤቱ አንድ ነገር ተናገሩ። ሰው ተነሳ። የተከመረውን እንጨት እየተቀባበለ ወደ ኦቦ ደበሌ መስክ መሸከም ጀመረ። ኦቦ ደበሌ የተላጠ እንጨታቸውን ሊያመጡ ፈጠን ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። አዴ ጫልቱ እልል ያሉት ያን ጊዜ ነው፤ ሐጂ የላኩላቸውን ቴምር ለሕፃናቱ በተኑት።

ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ደመራው ቆመ፤ አደዩ አናቱ ላይ ታሰረ። መጀመሪያ የኦቦ ደበሌ የተላጠ እንጨት ተደገፈ፣ ከዚያ የኦቦ ገመቹ፣ ከዚያ የሌሎቹ። የእኔ ቀይና ነጭ መጨረሻ ላይ ገባ። እሳቱ ሲለኮስ መጀመሪያ የጤሰው ቀለሙ ነው፤ ጥቁር ጭስ አውጥቶ አስነጠሰን። ግንባሬ ላይ አመድ የቀቡኝ ኦቦ ገመቹ ራሳቸው ናቸው፤ አውራ ጣታቸው ሸካራ ነበር።

በማግስቱ ከመስቀል ምሳ በኋላ ቤቴ ገባሁ። ብዙነሽ ጠረኔን አሽትታ «ጎመን ጎመን ትሸታለህ» አለችኝ፤ ሁሉን ነገር ነግሬያት ስጨርስ ግን ሰደርያውን ወስዳ ለጎረቤት ሞተረኛ ሰጠችው። አሁን ወፍ የማየው በእጄ ይዤ ነው፤ ሁሉም እንደ ድሮው እስክስታ ይመታል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በማለዳ በር ተንኳኳ። ኦቦ ደበሌ ናቸው፣ ጄሪካናቸውን ይዘው። «ነጋ ቡልቴ፣ ደህና አደርክ ታደለ?» አሉኝ። በሩ ላይ አልሸኘኋቸውም፤ ይግቡ አልኳቸው፣ ገብተው ከእኛ ጋር ቁርስ በሉ። ሊሄዱ ሲነሱ ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ጠቁሮ የተለበለበ፣ ትልቅ ብሎን።

«ገመቹ አመዱ ውስጥ አገኘው» አሉ። «‹ለሰውዬው ስጥልኝ፣ ሌላ ያሠራበት፣ ለከርሞም ይምጣ› ብሏል።» በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ። «‹ቀለም ግን እንዳይቀባው በለው› ብሏል።»